በሐር የሚለካ ጆሮ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ከአውቶቡስ ተራ ብዙም በማይርቅ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ የመድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ ተመደብኩ። የምደባ ደብዳቤው "ጀማሪ የፋርማሲ ቴክኒሻን" ይለኛል፤ ዕድሜዬ ግን ሠላሳዎቹን አጋምሶ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ ነው። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ እኔ ገና የማታ ተማሪ ነበርኩ፤ ከእኔ ጋር የተመረቁት ልጆች "እማማ" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

የፋርማሲው ኃላፊ አቶ ግርማ እጅጌው የረዘመ ነጭ ጋውን ሰጡኝና መቁጠሪያ ሳህኑን፣ ክኒን መግፊያ ስፓቱላውን፣ የወረቀት ፖስታዎቹን አሳዩኝ። "ክኒን በእጅ አይነካም" አሉኝ። "የሐኪም ጽሑፍ አልነበብ ካለሽ ገምተሽ አትስጪ። ተነሺ፣ ሂጂ፣ ጠይቂ። ለበሽተኛው የምትነግሪው ሦስት ነገር ነው፤ ስንት፣ በቀን ስንቴ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ።"

"መድኃኒቱ የሚያመጣውን ጉዳትስ?" አልኳቸው።

"እሱን ከነገርሽው ክኒኑን አውቶቡስ ተራ ሳይደርስ ይጥለዋል።"

በክፋት አልነበረም። ሲጥሉ አይተዋል። እኔም ሦስቱን ብቻ እየተናገርኩ መሥራት ጀመርኩ።

ጋሽ ሸምሱን ያወቅኳቸው በድምፄ ምክንያት ነው። ድምፄ ዝቅ ያለ ነው፤ መስኮቱ ላይ ደግሞ ወንፊት ሽቦ አለ። አንድ ቀን ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ የጨርቅ ሜትር አንገታቸው ላይ የጣሉ ሽማግሌ የደም ግፊት መድኃኒት ሊወስዱ መጡ። ጠዋት አንድ ይዋጡ አልኳቸው። "ምን?" አሉ። ደገምኩት። "ምን?"

"የኔ ልጅ፣ ወይ ጩኺ፣ ወይ አፍሽን ወደ ብርሃኑ አዙሪልኝ።"

ወደ ብርሃኑ አዞርኩ።

"አሁን ሰማሁ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከከንፈሬ ሳይነቅሉ። "ጆሮዬ መርካቶ ውስጥ ጠፋ። ያገኘ ሰው አልመለሰልኝም።" ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። እጃቸው ላይ ከመድኃኒት ካርቶን የወጣ፣ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ቀጭን ወረቀት ይዘዋል። እንግሊዝኛ ነው። "መጽሐፍ ታነባለች ብለውኛል" አሉ። "ይሄንንስ?"

"መዝገበ ቃላት ይዤ።"

"እንግዲያው ያዢው።"

የስትሬፕቶማይሲን መርፌ መግለጫ ነበር። ያን ጊዜ ሳንባ ነቀርሳ ዳግም ለተነሣበት ሰው ከክኒኑ ጋር በየቀኑ የሚወጋው መርፌ ነው። ቤቴ ወስጄ አነበብኩትና በማግስቱ በአማርኛ ነገርኳቸው፦ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፣ ጉዳቱም ላይመለስ ይችላል።

"የኔስ ይመለሳል?" አሉ።

"ከጠፋ ስንት ዓመት ሆነው?"

"የመጀመሪያ ልጄን ሳልድር ነው። አሁን የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ገብተዋል።"

"እንግዲያው አይመለስም።"

እግዜር ያውቃል አላልኩም። የማውቀውን አላውቅም ማለት አልችልበትም። ጋሽ ሸምሱ በሙሉ አፋቸው ሳቁ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ። "የጠየቅኩት ሰው ሁሉ 'ኢንሻአላህ' እያለኝ ነው የኖርኩት። እኔ ግን ቁርጤን ነበር የፈለግኩት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን "ጥሩዬ" ይሉኛል፤ ስሜ ጥሩወርቅ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቃቸው እየሄድኩ ወረቀቶቻቸውን ማንበብ ልማዴ ሆነ።

ታሪካቸው ይህ ነው። ጋሽ ሸምሱ በልጅነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የድሮ ጨርቅ ነጋዴ ጨርቅን በዓይኑ ብቻ አያምንም። ጠርዙን በሁለት ጣቱ ይዞ ጆሮው ሥር ያሸዋል። ንጹሕ ሐር ሲታሽ ቀጭን፣ ስል የሆነ ድምፅ አለው። የናይለን ወፈር ይላል። ካኪ ደግሞ ገና ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ጋሽ ሸምሱ ሳንባቸውን ታመው መርፌውን ጨርሰው፣ ድነው ሱቃቸው ሲመለሱ አንድ አስመጪ የሐር ጥቅል ይዞላቸው መጣ። አሹት። ድምፅ የለውም። "ይሄ ሐር አይደለም፣ አታለልከኝ" ብለው ሰውየውን ከሱቅ አስወጡት። ጎረቤታቸው ነጋዴ ያንኑ ጥቅል ገዛ። ሐር ነበር።

"ያን ቀን ነው ያወቅኩት" አሉኝ። "ሰው ሲያወራኝ እሰማለሁ። መኪና እሰማለሁ። ሐር ግን ሄዷል።" ቀጥሎ ሌት ተቀን የማይተው ጩኸት መጣ። ከዚያ የሰው ንግግርም እየተቆራረጠ ሄደ።

ሌላ ሰው ቢሆን እጣዬ ነው ብሎ ይቀመጥ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ግን መርፌውን የወሰዱ ሰዎችን ይፈልጉ ጀመር። ሐር፣ ናይለንና ካኪ በእጅ መዳፍ ልክ ቆርጠው ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ። ሰውየውን ጀርባውን አዙረው ያስቀምጡታል፤ ጨርቁን ከጆሮው ኋላ ያሹና "ስትሰማ እጅህን አንሣ" ይላሉ። መርፌውን የወሰዱት ብዙዎቹ ካኪውን ይሰማሉ፤ ሐሩ ላይ እጃቸው አይነሣም። ቀጭኑ ድምፅ ቀድሞ እንደሚሄድ እኔ በኋላ መጽሐፍ ላይ አገኘሁት። ገጹን ሳነብላቸው፣ "ሐኪሞቹም ያውቁታላ!" ብለው እንደ ልጅ ደስ አላቸው።

ጎረቤቶቻቸው "የጆሮ ደላላ" ነበር የሚሏቸው። "ሸምሱ! ዛሬስ ስንት ጆሮ አሻሻጥክ?"

"ያንተን ማን ይገዛኛል?" ይሉታል እሳቸው። "ሚስትህ እንኳ ሰምቶ አያውቅም ትላለች።"

ከወራት በኋላ ጤና ጣቢያችን ግቢ ውስጥ መቀመጥ ጀመሩ። መርፌ ክፍሉ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር አለ፤ ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች እዚያ ይቀመጣሉ። ጋሽ ሸምሱም እንደ ማንኛውም ተረኛ ገብተው ያወራሉ። ሲስተር ወይንሸት፣ መርፌ ክፍሉን የምትመራው ነርስ፣ የበሽተኛ ዘመድ ይመስሏት ነበር።

አስካለ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። አትክልት ተራ ሽንኩርት የምትቸረችር፣ ሴት ልጇን ሁልጊዜ ጀርባዋ ላይ ያዘለች ወጣት ነበረች። ሳንባ ነቀርሳው ተመልሶባት መርፌና ክኒን ታዞላታል። ክኒኑን በየጠዋቱ እኛ ፊት ነው የምትውጠው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። አንድ ጠዋት ከዋጠች በኋላ ወደ መስኮቱ ተጠጋችና፣ "እትዬ፣ ጆሮዬ ውስጥ ጢንዚዛ ገብቷል መሰለኝ። ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም" አለችኝ።

ሐኪሙ ጋ ግቢ አልኳት። ዶክተር ሄኖክ ግን ስብሰባ ሄዷል። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ልትጠብቅ ሄደች። እዚያ ደግሞ ጋሽ ሸምሱ አሉ።

ከመስኮቴ አያቸው ነበር። ጀርባዋን አዞሩ። ካኪውን አሹ፤ እጇ ተነሣ። ናይለኑን አሹ፤ ቆይታ አነሣች። ሐሩን አሹ። እንደገና አሹ። እጇ ጉልበቷ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ጋሽ ሸምሱ ፊቷ ዞረው ቆሙና "መድኃኒቱ ነው፣ እናቴ" አሏት። "የኔም እንዲህ ነው የጀመረው። ቆይ፣ ሐኪሙን ልፈልግ" ብለው ወደ ካርድ ክፍል ሄዱ። ሲመለሱ ወንበሩ ባዶ ነበር።

በማግስቱ አስካለ ለመርፌውም ለክኒኑም አልመጣችም። በሳልስቱም አልመጣችም።

ሲስተር ወይንሸት ነገሩን ስትሰማ ከመርፌ ክፍሉ ጓንቷን ሳታወልቅ ወጣች። "ጋሼ፣ በሽተኛዬን ከእጄ ላይ ወሰዱብኝ!"

"እውነቱን ነው የነገርኳት።"

"ግማሹን! መርፌው ጆሮዋን ይወስድ ይሆናል። በሽታው ግን ራሷን ነው የሚወስዳት። ልጅቷስ? ጀርባዋ ላይ አይደል የምትተነፍሰው?"

ጋሽ ሸምሱ ሁሉንም አልሰሙም። "ምን አለች?" ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ወደ ብርሃኑ አዙሬ፣ ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

ዶክተር ሄኖክ ጋ አብረን ገባን። ወጣት ነው፣ ጥርት ያለ አነጋገር አለው። ሦስቱን ጨርቆች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጋሽ ሸምሱን እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው።

"መርፌው ጆሮ እንደሚጎዳ አውቃለሁ" አለ። "የጆሮ መለኪያ መሣሪያ ግን የለኝም። በሽተኛው 'አልሰማም' እስኪለኝ እጠብቃለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ አልፏል። እርስዎ ይህን ሁሉ ሰው ሲጠይቁ ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?"

"ያባርረኛል ብዬ።"

"ላባርርዎት እችል ነበር" አለ ዶክተሩ፣ ሳይዋሽ። "አሁን ግን አስካለን ያምጡልኝ። ጆሮዋን የሚበላው መርፌው ብቻ ነው። እሱን አቋርጬ በክኒኖቹ የምቀጥልበት መንገድ አለኝ። ክኒኑን ከተወች ግን ምንም መንገድ የለኝም። በቆየች ቁጥር በሽታው ክኒኑን ይለምደዋል።"

በማግስቱ ገና ሲነጋ ከጋሽ ሸምሱ ጋር አትክልት ተራ ሄድን። አይሱዙዎቹ ገና እያራገፉ ነው። የቲማቲም ሣጥን ከሰው ራስ በላይ ያልፋል፤ ጋሪ ገፊዎቹ "ዞር በል! ዞር በይ!" እያሉ ይጮኻሉ። ጋሽ ሸምሱ ጫጫታ ውስጥ ምንም ስለማይለዩ የጋውኔን እጅጌ እንደ ዓይነ ሥውር ይዘው ተከተሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጅጌው መርዘሙ ጠቀመ።

አስካለን ያገኘናት በስድብ ነው። አንድ ጋሪ ገፊ ከኋላዋ ቆሞ "ዞር በይ እንጂ! አንቺ ደንቆሮ! ጆሮሽን ሸጥሽው?" ይላል። እሷ ጆንያዋ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ሽንኩርት ትመርጣለች፤ ጀርባዋ ላይ ያለችው ልጅ ዞራ ሰውየውን ታያለች፣ እናትየው አትዞርም። ትከሻዋን ነካሁት። ደነገጠች፤ ሦስታችንንም አይታ ተነሣች፤ ጋሪውም አለፈ።

"ለምን ቀረሽ?" አልኳት።

"እሳቸው አይደሉ እንዴ መድኃኒቱ ነው ጆሮሽን የሚበላው ያሉኝ?"

"መርፌው!" አሉ ጋሽ ሸምሱ፣ ከንፈሯን እያነበቡ። "መርፌው ነው እንጂ ክኒኑ መቼ አልኩሽ?"

"ጋሼ፣ ከአንድ ቤት የወጣ ነው እኮ። ነጋዴ አይደሉ? አንድ የበሰበሰ ያየሁበትን ጆንያ ልገዛ ነው? ከነጆንያው ነው የምተወው።"

ጋሽ ሸምሱ ሃያ መልስ አዘጋጅተው ነው የመጡት፤ ይሄ ውስጡ አልነበረም። እኔ እጆቿን አየሁ። ከጆንያው ሽንኩርት ታወጣለች፣ ትጨምቃለች፣ የላላውን ወደ ግራ ትጥላለች፣ ደህናውን ወደ ቀኝ ትደረድራለች። እያወራችንም እጇ አላረፈም።

"አሁንስ ምን እየሠራሽ ነው?" አልኳት።

እጇን አየች። "ይሄማ የከፈልኩበት ነው!" አለች፣ ተቆጥታ።

ጋሽ ሸምሱ አፏ ላይ ያነበቡት ያንን ቃል ነው። ጆንያው ላይ ጎንበስ አሉ። "አንቺዬ" አሉ፣ "ለመድኃኒቱም እኮ ከፍለሽበታል። ጆሮሽን ነው የከፈልሽው። እኔም ከፍያለሁ። የተበላሸውን መርፌ ወዲያ ጥለን ደህናውን ክኒን ውሰጂ እያልንሽ ነው። ይህን ያህል ከፍለሽ ባዶ እጅሽን ልትሄጂ ነው?"

አስካለ ልጅቷን ወደ ላይ አስተካክላ አዘለቻት። አንዴ ራሷን አሳላት፤ ሳሉ ከመቅረቷ በፊት ከነበረው የባሰ ነበር። እሷም እንደሰማሁት አወቀች።

"መርፌውን ካልወጉኝ..." አለች። "ካልወጉኝ እመጣለሁ። ሐኪሙ ራሱ ይንገረኝ። ግን ዕቃዬን ማን ይጠብቅልኛል?"

"እኔ!" አሉ ጋሽ ሸምሱ፣ ጆንያው ላይ ተቀምጠው።

እኔና አስካለ ሄድን። ዶክተር ሄኖክ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ ቀስ ብሎ፣ የትኛው እንደሚቆምና የትኛው እንደሚቀጥል እያንዳንዱን ክኒን እያሳየ ነገራት። መርፌውን ከካርዷ ላይ ሠረዘ፤ በምን እንደሚተካውም እኔና አቶ ግርማን አስቀምጦ አስረዳን። ክኒኑን ሲስተር ወይንሸት ፊት ዋጠች።

ስንመለስ ጋሽ ሸምሱ ግማሹን ሽንኩርት ከገዛችበት በታች ሸጠውታል። "ምን ላድርግ" አሉ። "ወላሂ ሽንኩርት ቢያሹት ድምፅ የለው፣ በምን ልወቀው?" አስካለ ለሳምንታት ስታላግጥባቸው ሰነበተች፤ ጉድለቱን ግን ሊሞሉላት ቢለምኗት እምቢ አለች።

አስካለ ክኒኑን እስከ መጨረሻው ወሰደች። ሳሏ ተወ፣ ሰውነቷ ተመለሰ። ሐሩ ግን አልተመለሰም፤ ጢንዚዛውም አልወጣም። ልጇ ስትጠራት ትሰማለች። መርፌው ቢቀጥል ኖሮ ያንን እንኳ ላትሰማ ትችል ነበር፤ ዶክተሩም እንደዚያ ነው ያመነው። ሕክምናዋን የጨረሰች ቀን ጋሽ ሸምሱን "ጩኸቱ መቼ ነው የሚተወኝ?" ብላ ጠየቀቻቸው። ወደ እኔ አዩ፤ እኔ በአገጬ ወደ እሷ ጠቆምኳቸው። የሳቸው ተራ ነው።

"አይተውሽም" አሏት። "ትለምጂዋለሽ። ስትተኚ ሬዲዮ ዝቅ አድርገሽ ክፈቺ፣ ጩኸቱ ከሱ ጋር ይጣላል። ጫጫታ ውስጥ የሚያወራሽን ሰው ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሪው፣ አትፈሪ። ሲቸግርሽ ሱቄ ነይ፣ ሁለታችን እንጯጯሃለን።"

ከዚያ በኋላ አሠራራችን ተለወጠ። ጋሽ ሸምሱ ያለ ሲስተር ወይንሸት ማንንም አያናግሩም፤ ይህን ራሳቸው ናቸው ያሉት። ጨርቆቹ የመርፌ ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ገቡ። መርፌ የሚጀምር በሽተኛ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት በሦስቱም ይፈተሻል፤ ከዚያም በየሳምንቱ። ሐሩ ላይ እጁ ካልተነሣ መርፌው ሳይወጋ ዶክተር ሄኖክ ጋ ይገባል። ጋሽ ሸምሱ አግዳሚው ላይ ሆነው ለአዲስ በሽተኛ ሁሉ አንድ ቃል ይናገራሉ፦ "ሳትነግሪያቸው አትተዪ። ሳትነግሪያቸውም አትቀጥዪ።" ለወንዱም ለሴቱም እንዲሁ ይሉታል፤ ወንዶቹ ይስቃሉ፣ ግን አይረሱትም።

አንድ ጊዜ ከበላይ አካል ለቁጥጥር የመጣ ኃላፊ መሳቢያውን ከፍቶ "ይሄ ጨርቅ ለምንድነው?" አለ።

"ለጆሮ" አለች ሲስተር ወይንሸት።

"ለጆሮ የማውቀው ጥጥ ነው። ይሄ የትኛው መመሪያ ላይ አለ?"

ዶክተር ሄኖክ "መመሪያ ላይ የለም" አለው። "መሣሪያ እስኪሰጡን ነው። መሣሪያውን ሲያመጡ ጨርቁን ይወስዱታል።" ኃላፊው ጨርቁን መልሶ አስቀመጠ። መሣሪያው እኛ ጋ አልመጣም፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ሆስፒታል ገባና የምንጠረጥራቸውን ወደዚያ መላክ ጀመርን። እስከዚያ ሐሩ ብዙ ጊዜ ታጥቦ ተቀየረ።

አቶ ግርማ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ መስኮቴ አጠገብ ቆመው ሲያዳምጡኝ ዋሉ። ማታ ላይ፣ "አራተኛ ነገር ጨምረሻል" አሉኝ።

"አዎ፤ ጉዳቱን።"

"አየሁ። ሰምተውም ተመልሰው ይመጣሉ።" ሌላ አላሉም፤ ለሳቸው ይህ ብዙ ነው።

በሥራዬ የመጨረሻ ዓመታት ያ መርፌ ከሕክምናው ወጣ። በእኛ ምክንያት አይደለም፤ በየአገሩ ብዙ ሰው ለፍቶበታል። ጋሽ ሸምሱ ያን ጊዜ አልጋ ይዘው ነበር። ቤታቸው ሄጄ አፌን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነገርኳቸው።

"ምን?" አሉ።

"መርፌው ቀርቷል፣ ጋሼ።"

"ምን?"

ከንፈሬን እያዩ ነበር፤ ዓይናቸው ይስቃል። የመጀመሪያውን ጊዜ ሰምተውታል። ሦስት ጊዜ አስባሉኝ፣ እኔም ሦስት ጊዜ አልኩላቸው። በዚያው ዓመት ዐረፉ፤ አስካለ ልጇን ይዛ ለቅሶ መጥታ ነበር።

አሁን መስኮቱ ላይ ላላችሁት የምነግራችሁ የሥራ ነገር ነው። መድኃኒት ስትሰጡ የሚያመጣውን ጉዳት ንገሩ። ስትነግሩ የትኛው መድኃኒት እንደሆነ በስሙ ለዩ፤ ምልክቱ ሲመጣ ማን ጋ እንደሚኬድ፣ የትኛው እንደማይቋረጥም ጨምሩ። ከዚህ አንዱ ከጎደለ ንግግራችሁ አላለቀምና በሽተኛውን አታሰናብቱት።